የሐኪሙ ፍሬን

አርባ አንድ ሰው ሣር ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ የሄድኩት ሬሳ ልቆጥር ነው፤ እዚያ ገደል አፋፍ ላይ የጠበቀኝ ግን የጠፋ ጫማውን የሚፈልግ፣ ልጁን የምታጠባ፣ ኔትወርክ እንቢ ብሎት ስልኩን የሚራገም ሕዝብ ነው። አንዲት አሮጊት ገና ከመኪናዬ ስወርድ «ውሃ ይዘሃል?» አሉኝ፣ ለእሳቸው የተላክሁ ይመስል። አውቶቡሱ በግራ ጎኑ ከድንጋዩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ቆሟል። በቀኝ በኩል አንድ መስታወት እንኳ አልተሰነጠቀም። በግራ በኩል ግን ጎን የሚባል ነገር የለውም፤ ከሹፌሩ በር እስከ መጨረሻው ወንበር ቆርቆሮው ተልጦ አልቋል።

የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሹፌሩ።

በሃያ ሁለት ዓመት የመርማሪነት ሥራዬ ብዙ የመኪና አደጋ አይቻለሁ። ሰው ሁሉ ተርፎ ሹፌሩ ብቻ የሞተበት ግን አላየሁም። ብዙውን ጊዜ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ሹፌር በመስኮት ይዘላል። ቁልቁለቱ አራት ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለሚወርድ ሰው በቀኝ ገደል፣ በግራ ግድግዳ ነው። ገደሉን ጎንበስ ብዬ አየሁትና ወዲያው ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ ታች ያለው ወንዝ ክር አክሏል።

አለቃዬ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ፍርዱን ጨርሶ ነበር። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ግን መዝገብ ክፍት ሲሆን እንቅልፍ አይወስደውም።

«የሰው መንገድ ይዞ ነው የወረደው» አለኝ፣ በጣቱ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀለም ጭረት እያሳየኝ። «ቀኙን መያዝ ሲገባው ከላይ ጀምሮ ግራውን ይዟል። ወይ ጠጥቷል ወይ ተኝቷል። እስከ ዓርብ ዝጋው።»

ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

የቴክኒክ ባለሙያችን ከሰው ይልቅ ከብረት ጋር መጫወት የሚቀናው ቀጭን ሰው ነው። በማግስቱ አውቶቡሱ የፖሊስ ግቢ ተጎትቶ ሲገባ የኋላ ጎማዎቹን ፈታ፤ ከጎማው ጀርባ ያለውን ክብ ብረት፣ ሜካኒኮች ታምቡር የሚሉትን አወለቀና ጠራኝ።

«እየው።»

ከታምቡሩ ውስጥ ሆኖ ጎማውን የሚይዘው የፍሬን ሸራ ነው። የዚህኛው ሸራ የለም ማለት ይቀላል። ሸራውን አጣብቀው የሚይዙት ምስማሮች ራሳቸው ብረቱን እየፋቁ ቦይ አውጥተውበታል። በሁለቱም የኋላ እግር እንዲሁ ነው።

«ሲቀዘቅዝ ይይዛል» አለ ባለሙያው። «ጠዋት ግቢ ውስጥ ብትረግጠው ምንም አይልህም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲሞቅ ግን ከሌላ ሰው መኪና ጋር ነው የምትታገለው።»

«ታዲያ ሹፌሩ በየቀኑ ማየት አልነበረበትም?»

«ይሄን? ታምቡር ሳትፈታ አታየውም። ሹፌር ጎማ፣ መብራት፣ አየር፣ ዘይት ያያል፤ ዓመታዊ ምርመራ የሚባለው ነገር የመጣው ለዚህ ለማይታየው ነው።»

ሁለታችንም ወደ ፊት መስታወቱ ሄድን። የምርመራው ወረቀት፣ ቦሎው፣ ተለጥፏል። ከተሰጠ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ምርመራ ጣቢያ ደውዬ ማን እንደፈረመበት ስጠይቅ የአንዲት ሴት ቴክኒሺያን ስም ነገሩኝ። የእሷ የአባት ስም የሟቹ ሹፌር ስም ነበር።

አለቃዬ ይህን ሲሰማ ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ። «አለቀ! ልጅ ለአባቷ ሳትመረምር ፈረመች። አስገባት።»

ሐሙስ ጠዋት ፊቴ ተቀመጠች። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ከአንድ ቀን በፊት አባቷን የቀበረችው፣ አንዲት ሴት ፖሊስ አጠገቧ ቆማ ነው። ጥቁር ሻርፕ ጠምጥማለች፤ ጥፍሯ ሥር ግን ዛሬም የመኪና ዘይት አለ።

«መርምረሽዋል?»

«መርምሬዋለሁ።»

«እውነቱን ንገሪኝ። አባትሽ ነው፤ ሰው ይረዳሻል።»

«ጋሼ፣ የሚሽከረከረው ብረት ላይ አውጥቼ ፍሬኑን አስረግጬ፣ ጉድጓድ ገብቼ ከሥር አይቼ ነው የፈረምኩት። በደንብ ይይዝ ነበር።»

«የአባትሽን መኪና አንቺ ለምን መረመርሽ?»

«ተራው እኔ መስመር ላይ ደረሰ። ደግሞ ላዳላለት ብፈልግ አምና አዳላለት ነበር። አምና እኮ ጥዬዋለሁ!»

«ማንን?»

«አባዬን። የፊት ጎማው አልቆ ነበር፤ ጣልኩት። እናቴ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። እሱ ግን ግቢ ውስጥ እየዞረ ‘ልጄ ጣለችኝ! ልጄ ጣለችኝ!’ ሲል ሰነበተ፤ ሎተሪ የደረሰው ነው የሚመስለው።»

ፈገግታዋ መጣና መንገድ ላይ ቀረ። ሹፌሮቹ አባቷን «ሐኪሙ» እንደሚሉት የነገረችኝ እሷ ናት። ረጅም ቁልቁለት ከመውረዱ በፊት ሁልጊዜ መኪናውን አቁሞ ከላዩ ይወርዳል፤ በእጁ ጀርባ የእያንዳንዱን ጎማ መሀል ይዳብሳል። «ብረት አፍ የለውም፤ ሲያመው ግን ይተኩሳል» ይላል አለችኝ።

የሸራውን ፎቶ ገፋሁላት። ብዙ ጊዜ አየችው።

«በዘጠኝ ቀን እዚህ ሊደርስ ይችላል?» አልኳት።

ልብ በሉ፤ «ሊደርስ ይችላል» ብትል ግማሽ ነፃ ናት። ጠበቃ የሌላት፣ አባቷን ትናንት የቀበረች ልጅ ናት። የሚዋሽ ሰው በዚህ በር ነው የሚወጣው።

«አይችልም» አለች። «በዘጠኝ ወርም ይከብደዋል።»

«ይሄ አንቺን ነው የሚያስጠይቅሽ፤ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል። ግን አይችልም። እርስዎስ መኪናዎን መቼ ነው ያስመረመሩት?»

«ጠያቂው እኔ ነኝ» አልኩ ቆጣ ብዬ። አንገቴ ግን ሞቀኝ።

ከዚያ ክፍል ስወጣ አንድ ነገር አውቄ ነበር፤ ይህቺ ልጅ ዓርብ ከተከሰሰች ሥራዋ፣ ነፃነቷ፣ የአባቷ ስም አብረው ገደል ይገባሉ። እኔ ደግሞ አልዋሸችም ብዬ ከማመን በቀር በእጄ የያዝኩት የለም። በማመን መዝገብ አይዘጋም።

ሆስፒታል ሄድኩ። ክንዷ በጀሶ የታሰረ ልብስ ሰፊ ሴት አገኘሁ። ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ ነበረች።

«ጠጥቶ ነበር?» አልኳት።

«ማን? እሱ?» ብላ ልትነሳ ቃጣት። «እግዜር ይይልህ! ያ ሰውዬ ባይኖር እኔና አንተ እዚህ የምናወራ ይመስልሃል?»

«እሺ፣ ያየሽውን ንገሪኝ።»

«ቁልቁለቱ አናት ላይ አቆመ። ወርዶ ጎማዎቹን እየዞረ ዳሰሰ። አንዱ ጋ ሲደርስ እጁን ቶሎ ሳበ፤ በመስኮት እያየሁት ነበር። ስልክ አውጥቶ ደወለ። አፍታም አልቆየ። ከዚያ ገብቶ ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ። ትንሽ እንደሄድን ፍሬኑን ሲረግጥ ሲረግጥ አየሁ፤ ሸተተኝም፣ የተቃጠለ ነገር። ያኔ ዞር ሳይል ጮኸ። ‘በእኔ በኩል ያላችሁ ሁሉ ተነሡ! ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ! ልጆቹን ከሥር!’ አለ።»

«ከዚያ?»

«ከዚያማ ተደራረብን። እኔ አንድ ወፍራም ሰውዬ ላይ ወደቅሁ፤ ይቅር ይበለኝ። ሁላችንም ቀኝ መሆናችንን በመስታወት አየ። አየ፤ እያየሁት ነው ያየው። ከዚያ ክላክሱን ተጫነና መኪናውን በራሱ በኩል ግድግዳው ላይ አስተኛው።»

ማስታወሻ መጻፌን ረስቻለሁ።

አለቃዬ «የሰው መንገድ» ያለው ይሄ ነው። በቀኝ ገደል፣ በግራ ድንጋይ። ፍሬን የሌለውን አውቶቡስ ሊያቆም የሚችለው ድንጋዩ ብቻ ነው፤ ድንጋዩ ያለው ደግሞ በእሱ ወንበር በኩል ነው። ሰውየው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይህን አስቦ፣ ሰዉን ከጎኑ አንሥቶ፣ ብቻውን እዚያ ወንበር ላይ ቀረ።

በዚያው ቀን ባለሙያውን ይዤ ቁልቁለቱን በእግር ወረድኩ። ግድግዳው ላይ ያለው የቀለምና የብረት ጭረት ስምንት መቶ ስልሳ ሜትር ነው። ባለሙያው በእጁ እየዳሰሰ ይሄዳል፤ እኔ ሳላውቀው ኮፍያዬን አውልቄ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ጭረቱ ይቋረጣል። ሠላሳ ሜትር ያህል ግድግዳው ንጹሕ ነው፤ ከዚያ ከበፊቱ ጠልቆ ይጀምራል።

«እዚህ መሪው አምልጦታል» አልኩ።

«አላመለጠውም» አለን አንድ ድምፅ። ከግድግዳው ሥር የውሃ ቦይ የሚቆፍሩ ሠራተኞች አለቃ ነው። አካፋውን ተክሎ ተደግፎበታል። «ስድስት ነበርን፤ እዚችው ላይ። ክላክሱን ከሩቅ ሰምተናል ግን ከግድግዳና ከመኪና መሀል የት ትሄዳለህ? ዓይናችንን ጨፈንን። እኛ ጋ ሲደርስ ለቀቀው። በገደሉ አፍ፣ በዚህች በዚህች በኩል አለፈን። ካለፈን በኋላ ተመልሶ ገጨው።»

ባለሙያው ገደሉ አፍ ሄዶ ተቀመጠ። የጎማው ዱካ ከጠርዙ አንድ ክንድ አይርቅም። በዚያ ፍጥነት፣ ያን የሚያህል መኪና፣ ከድንጋይ ነቅሎ በገደል አፍ አሳልፎ እንደገና ድንጋይ ላይ መመለስ።

«ሠላሳ ዓመት መኪና ፈትቻለሁ» አለ ባለሙያው ቀስ ብሎ። «ሰው እንዲህ ያደርጋል ብለው ቢነግሩኝ አላምንም ነበር።»

የደም ምርመራው ማታውኑ መጣ፤ ንጹሕ ነው። አለቃዬ ጢሙን አሻሸ። «እሺ፣ ጀግና ነው፤ እኔም እጄን አነሣለታለሁ። ልጅቷ ግን ያው ናት። ሸራው በራሱ አልተበላም።»

እውነቱን ነው። የአባትዬው ጀግንነት ለልጅቷ አልጠቀማትም፤ እንዲያውም እንዲህ ያለውን ሰው ገደለች ሊባል ነው።

ዓርብ ማለዳ ሟቹ ሐኪሙ ቁልቁለቱ አናት ላይ ሆኖ የደወለለትን ሰው ፍለጋ ተነሣሁ። በስልክ መዝገቡ ላይ ጥሪው ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ነው፤ አርባ ሁለት ሰከንድ። የተደወለለት የሥራ ባልደረባው ነው፤ የዚያው ባለንብረት ሁለተኛ አውቶቡስ ሹፌር። ሁለቱ መኪናዎች አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ቀለም። ሁለቱ ሹፌሮችም ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ይህኛውን «ሳቂታው» ይሉታል።

ግቢው ስደርስ ሳቂታው አይሥቅም ነበር። ዓይኑ አብጧል። ባለንብረቱ አጠገቡ ተቀምጦ መቁጠሪያ እንደያዘ ሰው ጣቶቹን ያፍተለትላል። መጀመሪያ የተጠራጠርኩት እሱን ነበር፤ ከምርመራ በኋላ ደህናውን ሸራ በአሮጌ ቢያስለውጥ የሚያተርፍ እሱ ነው። ግን ከምርመራው ማግስት እስከ ማክሰኞ ሌላ ከተማ ጎማ ሊያመጣ ሄዶ ነበር፤ ያደረበት ቤትም ጎማ ሻጩም መስክረውለታል።

«ሐኪሙ ያን ቀን እረፍት ነበረው» አለኝ ባለንብረቱ። «የሌላ ድርጅት መኪና ተበላሽቶ ተሳፋሪ መናኸሪያ ላይ ቀረ ብለው ሲነጋ በስልክ ለመኑኝ። ደወልኩለት። ‘እሺ፣ ሰው አይጉላላ’ ብሎ ወጣ። ምነው እንቢ ባለኝ!»

ወደ ሳቂታው ዞርኩ። «ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ደውሎልሃል። ምን አለህ?»

«ሰላም ሊለኝ ነው። መንገዱ ጭጋግ አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁት።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ምርመራ ጣቢያ። የእኔም ቦሎ ያን ቀን ነበር የሚያልቀው። የመረመረችኝ ራሷ ልጁ ናት፤ ጠይቋት።»

ከዚህ የበለጠ አሊባይ፣ ሌላ ቦታ ለመሆኑ ማስረጃ፣ ከየት ይመጣል? እያወራን ሳለ አንድ ሌላ ሹፌር አጥር ዘልቆ መጣና ከሳቂታው አውቶቡስ ውስጥ የእሳት ማጥፊያውን አንሥቶ ሄደ። ማንም ምንም አላለውም።

«ምን ሊያደርግበት ነው?» አልኩ።

«ነገ ምርመራ አለበት» አለ ባለንብረቱ ምንም ሳይመስለው። «ይመልሰዋል። ሹፌር ለምርመራ ቀን ይዋዋሳል፤ ማጥፊያ፣ ትርፍ ጎማ፣ አንፀባራቂ። ሁሉ ያደርገዋል።»

ሳቂታው መሬት መሬት ያይ ነበር።

በመንገድ ላይ ይህ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። ቀጥታ ምርመራ ጣቢያ ሄጄ የሳቂታውን ወረቀት አስወጣሁ፤ ለመረጃ ያህል ሰዓቱን ላረጋግጥ ነው። እውነት ነው፤ ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ከአሥር እስከ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ባለፈው ሳምንት የተመረመረውን የሐኪሙንም አብሬ ይዤ ለባለሙያው ወሰድኩለት። ፍሬን ሲረገጥ መሣሪያው የእያንዳንዱን ጎማ ጉልበት በመስመር ይስለዋል። ባለሙያው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረገ፤ ከዚያ አነባብሮ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣቸው።

«ና ወዲህ» አለ። ድምፁ ተለውጧል።

የቀኝ ኋላ እግር መስመር ወጥ አይደለም። ሦስት ትንንሽ ጉብታ አለው፤ ሁለተኛዋ ከሌሎቹ ዝቅ ትላለች። በሁለቱም ወረቀት ላይ። ልጅቷም በሁለቱም ላይ በእጇ ጽፋለች፤ «ቀኝ ኋላ ትንሽ ሞገድ አለው፤ ከወሰን አልወጣም።»

«ታምቡሩ ፍጹም ክብ ስላልሆነ ነው» አለ ባለሙያው። «ይሄ እንደ ጣት አሻራ ነው። ሁለት መኪና እንዲህ አይመሳሰልም። አንድ ፍሬን ነው ሁለት ጊዜ የተመረመረው።»

ወረቀቶቹን ሳሳየው አለቃዬ ግን ፈጠነብኝ። «እኔ ምን አልኩ? የሳቂታውን መኪና ለክታ ለአባቷ ሰጠችው! ሁለቱም ወረቀት ላይ ያለው የሳቂታው ፍሬን ነው።»

ነገሩ እሱ እንዳለውም ሊሆን ይችላል። ምሳ ሰዓት ሆኗል፤ ክሱ ከሰዓት በኋላ ይጻፋል። ሐኪሙ በተመረመረበት ቀንና ሰዓት የሳቂታው አውቶቡስ የት ነበር? በዕድሜዬ ለአውቶቡስ አሊባይ ስፈልግ የመጀመሪያዬ ነው። መናኸሪያዎችን አንድ በአንድ ደወልኩ። አራተኛው ላይ አንድ የተሰላቸ ጸሐፊ መዝገብ ገልጦ አነበበልኝ፤ ያን ቀን ጠዋት የሳቂታው አውቶቡስ ከእነ ሙሉ ተሳፋሪው ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ መናኸሪያቸው ውስጥ ቆሞ ነበር። የመግቢያውም የመውጫውም ሰዓት ተፈርሞበታል።

እንግዲህ ያን ቀን የተመረመረው ፍሬን የሳቂታው ሊሆን አይችልም። የሐኪሙ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ያው ፍሬን በሳቂታው መኪና ሥር ተገኝቷል።

ሳቂታውን አስመጣሁት። ሁለቱን ወረቀቶች ፊቱ ዘረጋሁና ምንም አልጠየቅሁትም። ሰው አንዳንዴ ራሱን ችሎ ይመጣል።

«ልመልሰው ነበር» አለ በመጨረሻ። «በእናቴ፣ እስከ ምሳ ልመልሰው ነበር።»

ከሹፌርነቱ በፊት ሜካኒክ ነበር። የእሱ የኋላ ሸራ አልቋል፤ አዲሱ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል ተብሏል፤ ቦሎው ግን ማክሰኞ ያልቃል። ከወደቀ መኪናው ይቆማል። ሰኞ ከሰዓት ሐኪሙ ቤቱ ሲገባ ሁለቱን መኪና ጀርባ ለጀርባ አቁሞ፣ የኋላ ታምቡርና ሸራቸውን ከእነ ሙሉው ለዋወጠው። ዘበኛው አይቶታል፤ ግን «የራሱን መኪና ለምርመራ እያዘጋጀ ነው» ከማለት በቀር ምን ይላል?

«ሐኪሙን ለምን አላስፈቀድከውም?»

«ማጥፊያ ስጠኝ ብለው ይሰጠኛል። ጎማ ብለው ይሰጠኛል። ፍሬን ብለው… ያብዳል። ነገ እረፍት ነው፣ አያውቀውም ብዬ ነው።»

«ከዚያ ደወለልህ።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«መኪናዬ መሣሪያው ላይ ቆሟል፤ እኔ መሪው ላይ ነኝ። ልጅቷ ፊት ለፊቴ ቆማ ምልክት ትሰጠኛለች። አነሣሁት። ‘የት ነህ?’ ስለው ‘ቁልቁለቱ አናት ላይ’ አለኝ። እቤቱ ያለ ነበር የመሰለኝ። ‘የኋላው ተኩሷል፤ ቀኙ አቃጠለኝ። ትናንት መኪናዬን የነካ ሰው አለ እንዴ?’ አለኝ።»

«አንተስ?»

«አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ በእውነት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ልጁ ታየኛለች። የአባቷን ፍሬን ሰርቄ በእሷ እያስመረመርኩ እንዴት እናገራለሁ? ‘ማንም አልነካውም፤ በትንሽ ማርሽ ቀስ እያልክ ውረድ’ አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«‘አንተ ካልክ እሺ’ አለኝ።»

ቃሉን የሚጽፈው ፖሊስ ብዕሩን አንሥቶ ቀርቷል።

«ልጅቷ ተቆጣችኝ» አለ ሳቂታው። «‘ጋሼ፣ ስልኩን ዝጉና ፍሬኑን ይርገጡ’ አለችኝ። ዘጋሁት። ረገጥኩ።»

ተናድጄ ነበር። ጠረጴዛውን ልገለብጠው ደርሼ ነበር። ግን ፊቴ ያለው ነፍሰ ገዳይ አይመስልም፤ ማጥፊያ ተውሶ ማጥፊያ ሲያውስ ሃያ ዓመት የኖረ፣ አንድ ቀን መዋሱን ከማጥፊያ ወደ ፍሬን ያሳደገ ሰው ነው። ጥፋቱ ግን ያ ብቻ አይደለም። እውነቱን ለመናገር አርባ ሁለት ሰከንድ ተሰጥቶት ነበር። እንዲታሰር ፈረምኩ።

ልጅቷን ቢሮዬ አስጠራኋት። አለቃዬም መጣ፤ እንዲያውም ወንበር ያቀረበላት እሱ ነው፤ ከእሱ ይህን አይቼ አላውቅም። ነፃ መሆኗን ነገርኳት። አባቷ ምን እንዳደረገ ከልብስ ሰፊዋ እስከ ቦይ ቆፋሪዎቹ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እያለቀሰች አዳመጠችኝ። ቦይ ቆፋሪዎቹ ጋ ስደርስ «ለቀቀላቸው?» አለችና ትንሽ ሣቀች፤ እንባዋ አልቆመም።

ከዚያ ሁለቱን ወረቀቶች ሰጠኋት። ማብራራት አላስፈለገኝም፤ ጉብታዎቹን ስታያቸው ገባት። ጣቷ ወደ ሁለተኛው ወረቀት ሰዓት ሄዶ እዚያው ቆመ።

«ሳቂታው ስልክ ይዞ ነበር» አለች። «ዝጉ አልኩት። አባዬ ነው?»

ተጠርጣሪ ለማናገር ስል ብዙ ዋሽቻለሁ፤ አይቆጨኝም። ለዚህች ልጅ ግን ልዋሽ አልቻልኩም።

«አዎ» አልኳት።

አለቃዬ ጠጋ አላት። ቅጽ ይዞ ነበር። «ልጄ፣ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ከሁለቱ አንዱን ማረጋገጫ መሻር ትችያለሽ። የማክሰኞውን ሻሪውና ይቅር። ተታልለሽ ነው፤ ማንም አይወቅስሽም።»

«ምኑን ነው የምሽረው?» አለች።

«ለሳቂታው መኪና የሰጠሽውን።»

ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። ብዕሩን ከእጁ ተቀበለችው፤ «እሽራለሁ» የሚለውን መስመር በአንድ ሰረዝ አጠፋችና ከሥሩ ባለው ባዶ ቦታ ቀስ ብላ ጻፈች። ጨርሳ ፈረመችበትና ወደ እኔ ገፋችው።

«ሁለቱንም ጊዜ የመረመርኩት የአባቴን ፍሬን ነው» ይላል። «ሁለቱንም ጊዜ ደህና ነበር።»